ጄሪ ስቱኬል ማሞቂያ የመረጠችበት ኅዳር

ጄሪ ስቱኬል ከቤቴ ፊት ለፊት መኖር ከጀመረች ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስትቆጣ ኮቷን ሳትቆልፍ ትወጣለች። በዚያ ኅዳር፣ በረዶው ቁርጭምጭሚት በደረሰበት ጠዋት፣ ኮቷን እንደከፈተች መንገዱን ስታቋርጥ በመስኮት አየኋትና ለሚስቴ ለካረን «ዛሬ ደግሞ የማን ቀን ጨለመ?» አልኳት።

የኛ ከተማ ሂቢንግ የማዕድን ከተማ ናት። ጄሪም ከብረት ጉድጓዱ ድንጋይ የሚያወጣ፣ ጎማው ብቻ ከሰው ቁመት እጥፍ የሆነ መኪና ሃያ ሰባት ዓመት ነድታለች። ሥራ በገባችበት ሳምንት ወንዶቹ የምሳ ሣጥኗን በምስማር ከጠረጴዛው ጋር መትተው ጠበቋት። ጠረጴዛውን ከነሣጥኑ እየጎተተች ወስዳ የአለቃውን በር ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ ሣጥኗን የነካ የለም። ባሏ ሌን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጇ ሮቢን ፀሐይ አገር፣ አሪዞና ነው የምትኖረው።

በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ሬይ፣ መፍቻህን ይዘህ ና። ጋዜን ዘግቶብኝ ሄደ።»

«ማን?»

«ያ አሻንጉሊት!»

አሻንጉሊቱ ትረንት የሚባል ወጣት ሻጭ ነበር። ከታች ከትልቁ ከተማ የመጣ አንድ ድርጅት ለአረጋውያን የቤት ማሞቂያ በነፃ እናጸዳለን ብሎ ስልክ ሲደውል ጄሪም እሺ አለች። ትረንት ምድር ቤት ወርዶ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ወጣና ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳያት፤ እሳቱ የሚነድበት የብረት ሳጥን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ወይዘሮ ስቱኬል፣ ዛሬ እዚህ ቢተኙ ነገ ላይነሱ ይችላሉ» አላት። «ከዚህ ስንጥቅ የሚወጣው ጭስ አይሸትም፣ አይታይም። በሕግ መዝጋት አለብኝ።» ጋዙን ዘጋ፤ ማሞቂያው ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ከዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የትልቅ ማሞቂያ ሥዕል ዘረጋላት። ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ የለም።

«ላስብበት» አለችው።

«ባለቤትዎ የሉም? ይሄን ነገር ከወንድ ጋር ብንነጋገርበት ይቀላል።»

እዚህ ስትደርስ ጄሪ ጮኸች። «ከወንድ ጋር! ሬይ፣ ሰማኸኝ? እኔ በዚያ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ወደ ኋላ ስነዳ የዚህ ልጅ አባት ዳይፐር አልፈታም! ሥዕሉን ከነቦርሳው በረዶው ላይ ወረወርኩለት። በል ተነስ፣ ክፈትልኝ።»

«አልከፍትም» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ሰውየው ባለጌ ነው። ስንጥቁ ግን እውነት ቢሆንስ?»

«ፖስታ ሲያድል ውሻ ይፈራ የነበረ ሰው ጋ መምጣቴ!» ብላ በሩን በላዬ ላይ ደርግማ ወጣች። እውነት ነው፣ ፖስታ አዳይ ነበርኩ፤ ውሻም እፈራለሁ። ካረን ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዛላት ሄደች። ተቀበለቻት፣ እኔን ግን አላነሳችኝም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለገና ገበያ ፖቲትሳ ይጋግራሉ፤ ሊጡን ጠረጴዛ ሙሉ አሳስተው ለውዝና ማር ቀብተው የሚጠቀልሉት ዳቦ ነው። ጄሪ ሊጡን እያሸች የትረንትን ነገር ስታወራ ዶና ብላትኒክ እጇ ዱቄት እንደሆነ ቆመች።

«ስንጥቁ ጥግ ላይ ቢጫ እጀታ ያለው ብሎን መፍቻ አለ?»

«አዎ። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የኔም ፎቶ ላይ አለ። እኔ እኮ ፈረምኩለት፣ ጄሪ። አሮጌውን አስወጥቶ አዲስ ገጠመልኝ!»

ዶና ስልኳን አውጥታ ትረንት የላከላትን ፎቶ አሳየች። ያው ስንጥቅ፣ ያው ዝገት፣ ያው ቢጫ መፍቻ። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ለነሱም ይህንኑ ነው ያሳያቸው። አራቱም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። በአንድ ፎቶ የአራት ቤት እሳት አጥፍቷል። ይህን ሁሉ እዚያ የነበረችው ካረን ወዲያው ደውላ ነገረችኝ። ጄሪ ሽርጧን ፈታ አጥፋ አስቀመጠችና ሄደች።

ቤቷ ገብታ ቀዩን ወረቀት ቀዳደደች። ጋዙን ራሷ ከፈተች፤ ማሞቂያውን ለኮሰች። ሌን ሲያደርገው ሠላሳ ዓመት አይታለች፤ እጇ አልተሳሳተም። ከኛ መስኮት ጭስ ማውጫዋ ሲተነፍስ አየሁ። ፎቶው ውሸት ነው፣ ገባኝ። ግን የዚያን ማሞቂያ ሆድ በእውነት ከፍቶ ያየ አንድም ሰው የለም። ስልክ አንስቼ ዋይኖ ኮስኬላን ጠራሁት። ዋይኖ አርባ ዓመት በዚህ ከተማ ማሞቂያ ሲጠግን የኖረ፣ ከአፉ ቃል በመቆንጠጫ የሚወጣ ፊንላንዳዊ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ፤ አብሬው ተሻገርኩ። ጄሪ በሩን ስትከፍት ግንባሯን ይዛ ነበር።

«ማን ጠራህ? ይሄ ፈሪ ነው?»

«ራስሽን አሞሻል?» አላት ዋይኖ።

«ንዴት ነው።»

የጭስ መርዝ መለኪያው ገና ከኪሱ ሳያወጣው ጮኸ። ዋይኖ ቁጥሩን አየና ክንዷን ይዞ በረንዳ ላይ አወጣት፤ እኔን መስኮቶቹን በሙሉ እንድከፍት አዘዘኝ፤ ራሱ ወርዶ ጋዙን ዘጋ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የጭስ መርዝ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ካለቀ ሁለት ክረምት ሆኖት ነበር። ቤቱ ሲናፈስ ሦስታችንም ምድር ቤት ወረድን። ዋይኖ የማሞቂያውን የውስጥ ክዳን ሊፈታ ሲል መፍቻውን አቆመ።

«እዩት» አለ። «ብሎኖቹ ላይ ቀለም አለ።»

«ሌን ነው የቀባው፤ ምድር ቤቱን ሲቀባ» አለች ጄሪ።

«ቀለሙ አልተላጠም። ያ ልጅ ይሄን ክዳን አልከፈተውም።»

ፈታው። ባትሪ አብርቶ አንገቱን አስገባ። ብዙ ቆየ። ከዚያ መስታወት ከነመያዣው ሰጣትና ራሷ እንድታይ ቦታ ለቀቀላት። ከበስተኋላ፣ ከመታጠፊያው ላይ፣ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነበር።

«ዋሽቶሻል» አላት። «ማሞቂያሽ ግን ሞቷል።»

ጄሪ ከተንበረከከችበት ተነስታ ማሞቂያውን በእግሯ መታችው። ደገመችው። ቆርቆሮው ምድር ቤቱን አናጋው። «አንዴ ቢያየው ኖሮ! አንዴ ከፍቶ ቢያየው እውነቱን ይነግረኝ ነበር! እውነት እጁ ላይ እያለ ዋሸኝ፤ እኔም ውሸቱን ስለደረስኩበት ልሞት ነበር!» እንባ አልነበረም።

አዲስ ማሞቂያ መምረጥ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሰላም ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ዋይኖ ሜትሩን ይዞ ክፍሎቹን ለካ፤ መስኮቶቹን ቆጠረ፤ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሚይዘውን ጥጥ ውፍረት አየ። ወርዶ ውጤቱን ሲነግራት የሚያስፈልጋት ማሞቂያ ትረንት ሊሸጥላት ከነበረው በግማሽ ያነሰ ሆነ።

«ግማሽ? በጥር ልታደርቀኝ ነው?»

«ትልቁ ቶሎ ይሞቅና ይጠፋል። እንደገና ይነሳል፣ ይጠፋል። እንደዚያ እየተንገላታ ቶሎ ያረጃል። ትንሹ ቀስ ብሎ ውሎ ያድራል።»

«የየትኛው ፋብሪካ ነው የማይበላሸው?»

«የማይበላሽ የለም።»

«ታዲያ ምን ልምረጥ?»

«መለዋወጫው እዚሁ ከተማ የሚገኘውን። ደግሞ በደንብ የሚገጥምልሽን ሰው።»

«ያ ሰው አንተ ነህ በለኛ! አንተም ሻጭ ነህ!»

«ሌላ ሰውም ጠይቂ» አለና ቡናውን ጠጣ።

ጠየቀች። የመለዋወጫ ሱቁ ድረስ ሄዳ ባለሱቁን፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን በሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ የትኛው ዓይነት ዕቃ መደርደሪያው ላይ እንዳለ በዓይኗ ካላየች አልመለስ አለች። በመጨረሻ የዋይኖን ምርጫ ወሰደች፤ በአንድ ነገር ግን ተጣሉ። የአዲሱ ማሞቂያ ጭስ በግድግዳ በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ነው የሚወጣው። ዋይኖ ቱቦውን በሰሜን በኩል ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው።

«እዚያ በረዶው እስከ መስኮት ይቆለላል። ይደፈንብኛል።»

«ሕጉ የሚለው ቁመት ይሄ ነው።»

«ሕጉ እዚህ ቤት ከርሞ ያውቃል?»

ዋይኖ ወጥቶ በረዶው አጥሩ ላይ የተወውን ምልክት አየ። ተመልሶ ገባና ቱቦውን በደቡብ በኩል፣ ከደረቷ በላይ አወጣው። ከዋይኖ አፍ «ልክ ነሽ» የሚል ቃል የወጣው ያኔ ብቻ ነው።

ትረንትን ግን አልረሳችውም። «ልፈርም ነው፣ ና» ብላ ደወለችለት። ፈገግ ብሎ ሲገባ አራቱ ሴቶች ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ያው ፎቶ በአራት ቅጂ ታትሞ ተደርድሯል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ የምድር ቤቱ በር ክፍት መሆኑንና አሮጌው ማሞቂያ መውጣቱን ሲያይ ድፍረቱ ተመለሰ።

«ተሰንጥቆ አገኛችሁት አይደል? እንግዲህ ልክ ነበርኩ። ሕይወትዎን ነው ያተረፍኩት።»

ጄሪ ቀስ ብላ ተነሳች። «ልጄ፣ አንተ አላየኸውም። ሳታይ ‹ትሞቻለሽ› አልከኝ። ውሸታም ስለሆንክ አላመንኩህም፤ ስላላመንኩህ ለኮስኩት። የዶና ማሞቂያ ግን ሳይታይ ተጥሏል። ስምህን ከዚህ ፎቶ ሥር ጻፍ።»

«አልጽፍም።»

«እኔ እጽፈዋለሁ» አለች ዶና፣ ድምፅዋ የማይሰማው ዶና። ጻፈችው። ወረቀቱ ከአራት ፊርማ ጋር ለክፍለ ግዛቱ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

መልስ የመጣው በሚያዝያ ነው። ድርጅቱ ለዶና ገንዘቧን መለሰ፤ ከከተማችንም ጠፋ። ጄሪ አልረካችም። «ሌላ ከተማ ሌላ ፎቶ ይዞ ይሆናል» እያለች ለየከተማው ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ትጽፍ ነበር።

እኔን እስከ ዛሬ አላመሰገነችኝም። የሕግ ጽሕፈት ቤቱ መልስ ከመምጣቱ በፊት፣ በጥር፣ ትንፋሽ በአየር ላይ በሚደርቅበት ጠዋት፣ ዋይኖን አስከትላ በሬ ላይ ቆመች፤ ኮቷ ክፍት ነው።

«ምድር ቤትህን ክፈት፣ ሬይ።»

«የኔ ማሞቂያ ምን ሆነ?»

«ማን ከፍቶ አይቶት ያውቃል? አንተ? ዞር በል!»

ካረን መብራቱን አበራችላት። ጄሪ ደረጃውን እየተሳደበች ወረደች።