የጥሩሸዋ ስምና አሥራ ሁለቱ ጌሳ

ጥሩሸዋ ለጉባኤ ስትጠራ መጀመሪያ የምትጠይቀው «መመለሻ መኪና አለ ወይ?» ብላ ነው። ስለ ምን እንደምትናገር አትጠይቅም፤ ታውቀዋለች። በስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጉባኤ ላይ ቆማለች። የሚሰጧት ሰባት ደቂቃ ነው፤ የምትናገረውም ያው ነው። አጋም በር የሚባለው፣ ጓሳ የተባለው ረጅም ሣር የሚበቅልበት ሜዳ አራት ዓመት ይዘጋል። ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ከዚያ ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ይከፈታል፤ ሁሉም በልኩ አጭዶ ጣራውን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል፤ ተመልሶ ይዘጋል። በቃ። ይህን ለማለት ሰባት ደቂቃም ይበዛል። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ያጨበጭባል።

ተናጋሪ የሆነችው በአጋጣሚ ነው። ሜዳውን በየተራ መጠበቅ የየቤቱ ግዴታ ስለሆነ፣ ባሏ ሲሞት የእሱን ተራ እሷ ያዘች። አንድ ቀን ካሜራ የያዙ እንግዶች መጡ። ወንዶቹ ለቀብር ወርደው ነበርና የተጠየቀውን ሁሉ እሷ መለሰች። «ጥሩ ትናገራለች» ተባለ፤ ወሬው ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኳ ዝም ብሎ አያውቅም። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከመሐል ሜዳ ሚኒባስ ላይ ወጥታ ጉልበቷን አጥፋ የምትቀመጥበት መንገድ ከዓመት ዓመት እየረዘመ የሚሄድ ይመስላታል። አገሩ ደግሞ «ተናጋሪዋ መጣች» እያለ ያሾፍባታል።

በግንቦት መጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ነበር። ሁለት ቀን፣ አሥራ ሁለት ተናጋሪ። ከአዲስ አበባ የመጡ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ስለ ቀይ ቀበሮ ያጠና ፈረንጅ ነበር፤ ከክልል የመጣ፣ ወረቀቱን ቀና ሳይል ያነበበ ኃላፊም ነበር። የጥሩሸዋ ተራ እንደ ልማዱ ከምሳ በኋላ ደረሰ፤ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል። ከኋላዋ ባነር ላይ ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣችው ፎቶ ተሰቅሏል። ተናገረች፣ ተጨበጨበላት፣ ወረደች።

ማብቂያው ላይ ለተናጋሪዎች ስጦታ አለ ተባለ። አንድ በአንድ መድረክ ላይ እየወጡ ትከሻቸው ላይ ጌሳ ተደረበላቸው። ጌሳ ድሮ እረኛ ዝናብ የሚመክትበት፣ ከጓሳ ሣር ተጎንጉኖ እስከ ጉልበት የሚወርድ ልብስ ነው፤ ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ የሚሠራው ሰው በጣት ይቆጠራል። ፕሮፌሰሩ ደርበውት ፎቶ ተነሡ። ፈረንጁ ደስ ብሎት ዞር ዞር አለበት።

የጥሩሸዋም ደረሰ። ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ እጇ ሣሩን ዳሰሰው፤ እዚያው ቀረ። ከመንገድ ዳርና ከእርሻ ድንበር የሚለቀም ጓሳ አጭር ነው፤ ከብት ይነጨዋል፤ ጌሳ ይሠራበት ከተባለ በየስንዝሩ መቀጠል አለበት። ይኼኛው ቅጥል የለውም። የአንዱ ዘለላ ርዝመት ከክንዷ ያልፋል። በዚያ አገር እንዲህ የረዘመ ጓሳ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ሊከፈት ሰባት ወር ይቀረዋል። የአንገቱን ገመድ አየችው። ወደ ግራ ነው የተገመደው። በሰፈሩ ግራኝ ገማጅ አንድ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ኃይለመስቀል።

አሥራ ሁለት ጌሳ። በልቧ ሸክሙን ገመተችው፤ ሦስት የአህያ ጭነት ይሆናል።

ጉባኤውን ያሰናዳችውን ሰልማን በር ላይ ያዘቻት።

«ሰልማ፣ ልጄ፣ ይኼን ማን ሠራው?»

«ወደዱት አይደል እትዬ? ሞላሌ ገበያ ጠይቀን ነው ያገኘነው። ኃይለመስቀል የሚባል፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው! የአገሩ ነገር ይሁን ብዬ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሣሩን ከየት አመጣሁ አለ?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅነውም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሣር ተወርቶ፣ እሱን አልጠየቃችሁም?»

ሰልማ ጌሳውን አየችው፤ ቀጥላ የጥሩሸዋን ፊት።

«የተዘጋው ነው እንዳይሉኝ።»

«የተዘጋው ነው። አሥራ ሁለቱንም ልውሰደው። በእግዱ ጊዜ የታጨደ ነገር ከተገኘ ሕዝብ ፊት ይቀመጣል። ሥርዓቱ ነው።»

«ለእንግዳ የሰጠሁትን እንዴት ብዬ ልንጠቅ እትዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔንስ ምን እንደሚለኝ መች አወቅሁ። ጆንያ ፈልጊልኝ።»

የሰልማ አባት ሸዋ ሮቢት ነጋዴ ናቸው። የተበላሸ ዕቃ ከደንበኛ ቤት ድረስ ሄዶ ማንሣት ምን እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። ጫማዋን አስተካክላ ገባች፤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሮ ነው» እያለች ሰበሰበች። ዘጠኝ ተገኘ። የፕሮፌሰሩ በመኪናቸው፣ የፈረንጁ በሻንጣው፣ የኃላፊው ከራሱ ጋር ሄዷል።

በማግስቱ ጆንያው ሚኒባስ ጣራ ላይ ሲወጣ ረዳቱ «ማዘር፣ ምንድነው እንዲህ የቀለለው?» አላት። «ጉባኤ ነው» አለችና ገብታ ተቀመጠች። መሐል ሜዳ ወርዳ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት አመራች።

ኃይለመስቀል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ አገኘችው። ጆንያውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እታለም! ወደዱት?»

«ማን ግባ አለህ?»

«እንዴት ማን?» ገመዱን አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ እንጂ!»

ተነሥቶ ከግድግዳው ስንጥቅ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የጉባኤው መጥሪያ ነው። ማኅተም አለበት፤ የተናጋሪዎች ስም ዝርዝር አለበት፤ ከላይ የእሷ ፎቶ።

«ይኼን ይዘው መጡ። አሥራ ሁለት ጌሳ ለጉባኤው አሉኝ። ስምሽ በደማቁ ተጽፏል። እህቴ ሳትፈቅድ ስሟን አያወጡትም አልኩ። ለዘቡ አሳየሁት፤ እሱም ‹የጥሩሸዋ ከሆነማ ግባ› አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ሦስት ቀን ሙሉ አጨድኩ። ሌባ በቀን ያጭዳል?»

«ምነው ብትጠይቀኝ?»

«የት አግኝቼሽ? ሚያዝያ ላይ እኮ ነው። ባሕር ዳር ልትናገሪ ሄደሽ ነበር።»

ጥሩሸዋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ወንድሟ ጠጋ አለ።

«ዘጠኙን ምድጃ ውስጥ ብንከተውስ? ማን ያያል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡን አሰበችበት። ሰው ካወቀ «ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ» ብሎ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ የአራት ዓመት ሣር በሦስት ቀን ያልቃል፤ ለቀጣዩ አራት ዓመት ጣራ የሚሆን አይተርፍም። ዝም ብትልስ? የታጨደው ቦታ ገደሉ አፋፍ ላይ ተላጭቶ ቆሟል። ከብት የጠፋበት አንድ ሰው እዚያ እስኪደርስ ነው ዝምታው።

«እሑድ ትመጣለህ» አለችው። «ወረቀቱንም ይዘህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። የሣሩ አለቃ አቶ ተክለጻድቅ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ጥሩሸዋ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈችው፤ ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ይኼኛው ሰባት ደቂቃ አልፈጀም፤ ያጨበጨበም የለም።

መጀመሪያ የተነሣው ገሠሠ ነበር። ጣራው በክረምት ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ለጉባኤ የተፈቀደ ለእኔ ጣራ በምን ይከለከላል? ከተከፈተ ተከፈተ ነዋ! ነገ እገባለሁ!»

ከኋላ «እውነቱን ነው!» ያሉ ብዙ ነበሩ።

አቶ ተክለጻድቅ በትራቸውን ከፍ አደረጉ። «ጥሩሸዋ፣ ፈቅደሻል?»

«አልፈቀድኩም። አላወቅሁምም።»

«አላወቅሽም፤ አምንሻለሁ። ግን ስምሽን ለሰው ሰጥተሽ አገር ላገር ትዞሪያለሽ። ስምሽ አንቺ ሳትኖሪ በር ከፈተ። ምን ትያለሽ?»

«ልክ ነው። ወንድሜ ጥር ላይ አይግባ፤ እኔም አልገባም። ዘቡም ይውረድ፤ ተራውን ከራሴ ጋር ደርቤ እስከ ጥር እይዛለሁ። ሜዳው ግን እንደተዘጋ ይቆይ።»

«እስከ ጥርም ጉባኤ የሚባል የለም!» አለች አንዲት ሴት ከዳር።

«እሱን ቅጣት ካላችሁትማ ዕድሜ ልክ አድርጉልኝ» አለች ጥሩሸዋ።

ሰዉ ሳቀ። ገሠሠ እንኳ ሳይወድ ፈገግ አለ። አቶ ተክለጻድቅ ሳቁ ሳይበርድ «እግዱ ይጽና የሚል እጁን ያውጣ» አሉ፤ ብልህ ሰው ናቸው። እጅ ወጣ፤ ከግማሽ ብዙም ያልዘለለ። ጌሳዎቹ ለዘቦች ይሁኑ፣ ሦስቱን ጥሩሸዋ በስልክም ቢሆን ታስመልስ ተብሎ ሕዝቡ ተበተነ። ብዙዎቹ ግን እያጉረመረሙ ነው የሄዱት።

ረቡዕ ጧት ጉም ወርዶ ነበር። ጥሩሸዋ አንዱን ጌሳ ደርባ አፋፉ ላይ ቆማለች። ከሰፈር በኩል የአህያ ኮቴ ሰማች፤ ቆይቶ ገሠሠ ከጉሙ ወጣ። ማጭዱ ትከሻው ላይ ነው።

«ለጉባኤ ነው እትዬ!» አለ ከሩቁ።

«ተመለስ።»

«ደብዳቤ ይዤስ ብመጣ?»

«ብትይዝም አትገባም። ማጭዱን አምጣ።»

ገሠሠ ቆመ። ሣሩን አየ፤ በጉሙ ውስጥ እስከ ወገቡ ይደርሳል። እሷን አየ። ብቻዋን ናት፤ እጇን ዘርግታለች፤ አላጠፈችውም።

«ሰባት ወር ሙሉ ያለ ማጭድ ልኑር?»

«ጥር ላይ ትወስደዋለህ። አንተ እንኳ ትገባለህ፤ እኔ ነኝ የማልገባው።»

ገሠሠ ማጭዱን በእጀታው በኩል አቀበላትና አህያውን አዞረ።