የቅዳሜ ደም

ጎረቤቴ ሲስተር ሙሉብርሃን በሥራ ቀን የቆሰለ ሰው ስትሰፋ ትውልና ቅዳሜ ከሰዓት ሰው በሰይፍ ሲቆራረጥ ለማየት ከፍላ ትገባለች። እያማኋት አይደለም፤ ፊት ለፊቷም ብያታለሁ። «ዘውዱ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊትህን የምታዞር ሰው ስለ ፊልም ምን አገባህ?» ብላ አፌን አስይዛኛለች። እውነቷን ነው፣ አዞራለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ከደም ጋር የሚያገናኘኝ ሥራ የለኝም።

የምትወደው አንድ ዳይሬክተር አለ። የሩቅ ምሥራቅ ሰው ነው፤ ስሙን ብነግራችሁ አትይዙትም፣ እኔም ይዤው አላውቅም። እሷ «ሰውዬው» ትለዋለች። «ሰውዬው አዲስ አልሠራም?» ብላ ስትጠይቅ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ሳኒ ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። የሰውዬው ፊልም ሁልጊዜ በምግብ ነው የሚጀምረው። ሰዎች ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ሩዝ ይበላሉ፣ ውጭ በረዶ ይጥላል። ከዚያ አንዱ ሳህኑን አስቀምጦ ይነሣና ሰይፉን ይመዛል። ደሙ በነጩ በረዶ ላይ ሽቅብ ይረጫል። የሚሞተውም ሰው ዝም ብሎ አይወድቅም፤ ካባውን ዘርግቶ፣ አንዴ ዞሮ፣ አምሮበት ነው የሚወድቀው። ሲስተር እዚህ ላይ «እሰይ!» ትላለች። ሌላው ተመልካች ደግሞ ባሮ ዳር በዚያ ሙቀት በላብ ተጠምቆ ስለተቀመጠ ከሰይፉ ይልቅ በረዶውን እያየ ይጎመጃል።

ፊልሙ አማርኛ አይናገርም፤ የሚናገርለት ላም የሚባል ተራኪ ነው። ላም የአኙዋ ሰው ነው። ማይክራፎን ይዞ ከስክሪኑ ጎን ይቆምና ታሪኩን በአማርኛ ይተርካል፤ ሲያሻው አኙዋኛና ኑዌርኛ ጣል ያደርግበታል። የፊልሙን ቋንቋ እሱም አይሰማም፣ ግን ማን ይጠይቀዋል? በላም ትረካ ማንም አይሞትም። ሰይፍ በጀርባው የወጣ ሰው እንኳ ሲወድቅ፣ «አልሞተም! አልሞተም! ቶሎ ወደ ሲስተር ሙሉብርሃን ውሰዱት!» ይላል። ቤቱ በሙሉ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞሮ ይስቃል። እሷም እጇን አንሥታ «ተቀብያለሁ» ትላለች።

ሳኒ ደንበኛ ይስብልኝ ብሎ አንዱን ስፒከር በሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። የላም ድምፅ እስከ ባጃጅ ተራው ይሰማል። ነገሩ የተበላሸው በዚህ ስፒከር ነው።

ጋትቤል የሚባል ወጣት አቦቦ አካባቢ እርሻ ሲመነጥር ክንዱን ገጀራ ቆረጠው። የሰፋችው ሲስተር ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚተኛበት አልጋ ግን አልተገኘለትም። «አልጋ የለም» የሚለውን ቃል ሲስተር እንደ እርግማን ነው የምትጠላው፤ ለጋትቤል እናት ለኛዱዋል ግን የነገረቻት እሷው ራሷ ነበረች። እናትየው ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ ቁስሉ ደም አመጣ። ኛዱዋል ልጇን ደግፋ፣ ቁስሉን የሰፋችውን ሲስተርን ፍለጋ ወጣች። ባጃጅ ተራው ጋ ስትደርስ ከስፒከሩ፣ «ክፉኛ ቆስሏል! ወደ ሲስተር ሙሉብርሃን ውሰዱት!» የሚል ጩኸት ሰማች። የቆሰለ ሰው ወደ ሲስተር ከተወሰደ ሲስተር ያለችው ሆስፒታል ነው ብላ ልጇን ባጃጅ ላይ ጭና በረረች። ሲስተር የለችም። ጠበቀች፤ የቆሰለውም ሰው አልመጣም። ደግነቱ ተረኛው ነርስ ደሙን አቁሞ ቁስሉን አሸገላት።

ስትመለስ ፊልሙ አልቆ ከቪዲዮ ቤቱ ሰው ይወጣል። ሲስተር በሳቅ ብዛት የፈሰሰ እንባዋን እየጠረገች ብቅ አለች።

«ሲስተር፣ ያ ሰውዬ የት አለ?» አለች ኛዱዋል።

«የቱ ሰውዬ?»

«የቆሰለው። ወደ አንቺ የወሰዱት።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ኛዱዋል በሩ ላይ የተለጠፈውን ባለ ሰይፍ ሥዕል አየች፤ ገባት።

«የእኔ ልጅ ደም እዚህ አለ» አለች የልጇን ክንድ እያሳየች። «አንቺ እዚያ ደም አይተሽ ትስቂያለሽ።»

ሲስተር በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤቷ አልወጣችም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አደብ ገዛች ብዬ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ንጹሕ መጋረጃ አውርዳ ታጥባለች፣ አድርቃ ትሰቅላለች፣ መልሳ ታወርዳለች። አልፋ ተርፋም የእኔን በረንዳ መጥረግ ጀመረች። ሳኒም እኔ ዘንድ መጣ። «መምህር፣ ኧረ እባክዎ ይለምኑልን» አለኝ። «ላም የቆሰለ የሚልክበት ጠፍቶት ፊልም ውስጥ ሰው ዝም ብሎ እየሞተ ነው። ደንበኛው ከፍቶት ይወጣል። ስፒከሩንም አውርጃለሁ ይበሏት። ደግሞ የሰውዬው አዲሱ ፊልም ከአዲስ አበባ በፍላሽ መጥቷል።»

ነገርኳት። ዓይኗ ብልጭ አለ፣ ከዚያ መልሳ መጥረጊያዋን አነሣች። «ያቺ እናት ቁስላችንን በማን እጅ ሰጠን ብላ ካደረች፣ እኔ ምን ሲስተር ነኝ?» አለችኝ። ፊልሙ ቀርቶባት የተጨነቀች መስሎኝ ነበር። የጨነቃት ግን ኛዱዋል ዳግመኛ አታምነኝም የሚለው ነው።

የጋትቤል ክር የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ከዚያ ያለውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ክሩን አውጥታ ስትጨርስ ኛዱዋል ክንዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «በደንብ ሰፍተሻል» አለች። ከዚያ ጠየቀቻት። «ግን ለምን? ደም አልበቃሽም?»

«የጋትቤል እናት» አለች ሲስተር፣ «እኔ ደም ባየሁ ቁጥር እጄ ይሮጣል። በበዓል ቀን ይሮጣል፣ ምሳ ላይ ይሮጣል። ያኛው ደም ግን አይጠራኝም። ቀለም ነው፤ ሞተ የተባለው ተነሥቶ ታጥቦ ራቱን ይበላል። ደም እያየሁ እጄን አጣጥፌ የምቀመጠው እዚያ ብቻ ነው። ደግሞ ምን ልዋሽሽ? ያምራል። ደስ ይለኛል።»

ኛዱዋል የልጇን እጅጌ አወረደችና፣ «መጥቼ አያለሁ» አለች።

ቅዳሜ መጣች። እኔም በሲስተር ተጎትቼ ሄድኩ። ሦስታችን ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ኛዱዋል መሃል። ሩዙ ተበላ፣ በረዶው ጣለ፣ ሰይፉ ተመዘዘ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን አዞርኩ። ስዞር ኛዱዋልም ስክሪኑን አታይም። የምታየው የሲስተርን እጅ ነው። ሁለቱ እጆች ጭኗ ላይ መዳፋቸውን ገልጠው ተኝተዋል። ስክሪኑ ላይ ይሄ ሁሉ ሰው ሲወድቅ አንድ ጣቷ እንኳ አልተነቃነቀም። ኛዱዋል ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እሷም ነጠላዋን አመቻችታ ፊቷን ወደ ፊልሙ መለሰች።

መጨረሻ ላይ ያቺ ፊልሙን ሙሉ ስንደግፋት የቆየነው ባለ ሰይፍ ሴት ተመታች። ካባዋን ዘርግታ፣ ዞራ፣ በረዶው ላይ ወደቀች። ላም ማይክራፎኑን እንደያዘ ዝም አለ። ነገሩን ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ኛዱዋልን ያያል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልሞተችም» አለ። «ወደ… ወደ ሲስተር ሙሉብርሃን ውሰዷት።»

የሳቀ የለም። ኛዱዋል ብድግ አለች።

«አልጋ የለም!» አለች ጮክ ብላ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። እሷም ተነሥታ እጇን ከፍ አደረገች።

«አለ!» አለች። «ዛሬ አልጋ አለ፤ አምጧት!»

ኛዱዋል ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ተቀመጠችና አግዳሚው ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ለምትመጣዋ ሴት ቦታ ለቀቀች።