የሺዓለምና የቀኙ ጥግ

የሺዓለም ገልብጣ ያላየችውን ነገር አታምንም። ይህን ጠባይ ያወረሳት አትክልት ተራ ነው፤ እዚያ ቲማቲም ሻጭ ሣጥኑን ሲሞላ ከላይ ሙሽራ፣ ከሥር ሬሳ ያስተኛል። እሷም ስትገዛ እጇን እስከ ክርኗ ሣጥን ውስጥ እየሰደደች አረጀች።

ልጇ ጽዮን እሪ በከንቱ ወዳለው ቤታቸው ታብሌት ይዛ የመጣች ዕለትም፣ የሺዓለም ዕቃውን በዓይኗ መዘነችው። ባሏ አቶ ከተማ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ በስፌት መኪናው ላይ እያንጎራጎረ ስንቱን ሙሽራ ያለበሰ ሰው፣ የመርሳት በሽታ ከያዘው ሰንብቷል። ሐኪሙ «አእምሮው ሥራ አይፍታ» ስላለ፣ ጽዮን የጫነችው አፕ ፎቶ ያሳያል፣ ይጠይቃል፣ ሲመልሱለት ያጨበጭባል።

ሌላው ጥያቄ ሁሉ አለፋት፤ አንዱ ግን ደረቷ ላይ ቆመ። አራት የሴት ፎቶዎች ይመጡና፣ «ባለቤትዎ የትኛዋ ናት?» ይላል። ከተማ ሳያወላውል ጣቱን የሺዓለም ላይ ያሳርፋል። «ጎበዝ!» ጭብጨባ። በየቀኑ።

«አየሽ እማዬ? አልረሳሽም እኮ!» ጽዮንን እንባዋ ይቀድማታል።

የሺዓለም ግን ደስታውን እስከ ከንፈሯ አምጥታ ትመልሰዋለች። ምሳ ስታቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» ይላታላ፣ ለባዕድ እንደሚባለው! ታዲያ በታብሌቱ ላይ ያልጠፋው ፊት ገበታው ላይ እንዴት ጠፋው?

አንድ እሑድ ከጎኑ ቁጭ ብላ ስታስተውል ነገሩ ገባት። የእሷ ፎቶ ሁልጊዜ ከላይ በቀኝ ጥግ ነው።

«ጽዮን፣ ቦታዬን ቀይሪው።»

«እማዬ ደግሞ! አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣ ክንፉን ገልብጠሽ ታያለሽ።»

«ከሥሩ ብል የበላው ቢሆንስ? ቀይሪው አልኩሽ።»

ጽዮን እያጉረመረመች የእናቷን ፎቶ ወደ ታች አወረደችው። በቀኙ ጥግ የጎረቤታቸው የሸፊቃ ፊት ገባ። ከተማ ጣቱን አነሳ። ጣቱ፣ መንገድ እንደለመደ ፈረስ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሸፊቃ ላይ አረፈ።

ጭብጨባ የለም። «እንደገና ይሞክሩ» አለ አፑ።

ገበያ ላይ ቢሆን ጥርጣሬዋ እውነት ሲሆን ትኮራበት ነበር። ዛሬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ከተማ ዞር ብሎ አያት።

«ምነው እመቤቴ፣ ማን አስከፋዎት? ትንሽ ይቆዩኝ፣ የሺ ትምጣ። ሰው ማጽናናት እሷ ናት የምታውቅበት።»

«የት ሄዳ ነው?» አለችው።

«አትክልት ተራ ነቻ! ሌላ የት ልትሄድ!» አለና፣ በዚያ በስፌት መኪናው ዘመን ድምፅ አንጎራጎረ፦

ገበያ የሄደች ሲመሽ ትመጣለች፣
በሩን አትዝጉባት ቁልፉን ረስታለች።

ጽዮን አንገቷን ደፋች። የሺዓለም ምላስ ላይ ግን ጥያቄ ደረሰ። ይህች የሚጠብቃት የሺ የትኛዋ ናት? ፊቷስ ምን ይመስላል? አንድ ቃል ብትጠይቀው ሣጥኑ ሥሩ ድረስ ይታያል።

አልጠየቀችም።

«ጽዮን» አለች ዓይኗን ጠርጋ፣ «ፎቶዬን ወደ ቀኙ ጥግ መልሺው።»