ጥይት የሸጠ ሽማግሌ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እንደምችል አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሰኔ ይመስለኛል፤ ክረምቱ አጥብቆ ገብቶ እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዎቹ የተናገሩትንም የማስታውሰው ቃል በቃል አይደለም። ደጋግሜ ለራሴ ስተርከው ጠርዙ ሳይለሰልስ አልቀረም።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌም የጦር መሣሪያ አምራቾች በመንግሥታት የውጭ ፖሊሲ ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ነበር። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ አገር ፋብሪካዎች የተሠሩ የጦር አውሮፕላኖች እንደገዙ ጋዜጦች ይጽፉ ነበር፤ ዕርቅ እንዲወርድ ከሚመክሩት መንግሥታት መካከልም መሣሪያ ሻጮች ነበሩበት። ይህን ተሸክሜ ለእረፍት ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ሮብ ገበያ ስመለስ ቤተሰቤን የጠበቀው ግን ሌላ ጭንቀት ነበር።

የአጎቴ ታላቅ ልጅ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ ደብረ ማርቆስ ታስሯል። መንግሥት ፈርዶበታል፤ ደሙ ግን አልደረቀም። የሟች ወንድሞች ዓይናቸውን የጣሉት በታናሽ ወንድሙ ላይ ነበር። እሱ በጠቡ ቦታ እንኳ አልነበረም። ቢሆንም ሸሽቶ ደብረ ማርቆስ ከአክስቱ ቤት ተቀምጧል። ማሳው ጦም ሊያድር ነው፤ የገብሱ ዘር ጊዜም እያለፈ ነው። ዕርቅ ሳይወርድ ወደ ቀዬው ቢመለስ እንደሚገድሉት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። ከእኛ ወገን አባቴ ነበር፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። በመሐል ሆነው ሊዳኙ ከተመረጡት አንዱ ዲማ የተማሩ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ይሏቸዋል። ሌላው በገበያው ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከጨው ከረጢቱ ጀርባ ጥይት እንደሚሸጥ የማያውቅ አልነበረም። ደግ ሰው ነበር። ሟች በተቀበረ ዕለት ከወንድሞቹ ባላነሰ አልቅሷል፤ ለገዳይም እስር ቤት ድረስ ስንቅ ልኳል።

ነገሩ ሳይከፈት ከሟች ወገን የመጡ አንድ አዛውንት ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ "ከመጀመራችን በፊት ጥይት የሸጠ ሰው ይነሣልን" አሉ።

ነጋዴው ወደ ኋላው ዞሮ አየና፣ "ማንን ነው?" አለ።

"አንተን ነው። ዞረህ የምታየው ግድግዳ ነው። አባቶቻችን ለአንደኛው ወገን እንኳ ጥይት ያቀበለ ሰው ለዕርቅ አያስቀምጡም ነበር።"

"ለአንደኛው ብቻ ሸጬ ቢሆን አዳላህ በሉኝ። እኔ ለሁለቱም ሸጫለሁ። ከዚህ የበለጠ የማያዳላ ሰው ከወዴት ልታመጡ ነው?"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ነጋዴው ግን አልሳቀም። "ደግሞስ እኔ ባልሸጥ ከደብረ ኤልያስ የሚመጡት ነጋዴዎች ይሸጡላቸዋል" አለ።

አባቴ ዕርቁ እንዳይፈርስ ስለፈራ፣ "ይቀመጥ እባካችሁ። ሁለቱም ቤት የሚሰማው እሱን ነው" ብሎ ለመነ።

"ቢሰማው ምን ይገርማል?" አሉ አዛውንቱ። "እሱን ያስቀየመ ነገ ባዶ ጠመንጃ ታቅፎ ይቀራል።"

የኔታ ቀስ ብለው ወደ ነጋዴው ዞሩ። "አንተ ሰውዬ፣ የሚሰሙህ ስለምታስታርቅ ነው ወይስ ስለምታስታጥቅ?"

ነጋዴው ከተቀመጠበት ተነሣና፣ "የኔታ፣ እርስዎ ካሉ እምላለሁ። ደማቸው እስኪደርቅ ለሁለቱም ቤት አንዲት ጥይት አልሸጥም። ሌሎቹ ሻጮችም ግን አብረውኝ ይማሉ። እኔ ዘግቼ እነሱ ከከፈቱ ምን ይጠቅማል?" አለ።

ሐሳቡ ለሁሉም መልካም መሰላቸው። በሚመጣው እሑድ የገበያው ጥይት ሻጮች በሙሉ ተጠርተው እንዲምሉ፣ ዕርቁም በዚያው ዕለት እንዲታይ ወሰኑ። እኔም በመጻሕፍት ፈልጌ ያጣሁትን መፍትሔ በደጀ ሰላም ያገኘሁት መሰለኝ። በመካከሉ ረቡዕ፣ የገበያው ቀን እንዳለ ያሰበ ግን አልነበረም።

ረቡዕ ማታ አጎቴ ጋቢው ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ መጣ።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለው አባቴ።

"ጨው።"

"ጨው ይዘውት ሲራመዱ አይንኳኳም።"

አጎቴ ተቀመጠ። "የጥይቱ በር ከእሑድ ጀምሮ ሊዘጋ ነው። እነዚያ ጠዋት ገዝተው ሄደዋል አሉ። እጄን አጣጥፌ ልጄን ላስገድል?"

አባቴ ሊቆጣው አፉን ከፈተና ተወው። ዕርቅ ፈላጊው አጎቴ ነበር፤ ያን ዕለት የገዛውም ከፍርሃት ነው። እኔ ስለ አገሮች ሳነበው የሩቅ ነገር ይመስለኝ የነበረው ይኸው ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት መንግሥታት ለሁለቱ ተዋጊዎች መሣሪያ መሸጥ እንዲያቆሙ አጥብቆ ያሳሰበው በየካቲት 1991 ነበር፤ አስገዳጅ ማዕቀብ የጣለው ግን ከዚያ ረቡዕ ብዙ ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1992 ነው። በመካከሉ ግዢው አልቆመም። ፋብሪካ ያለው መንግሥትም እንደ ነጋዴው ነው ብዬ አሰብኩ። ሠራተኞቹ እንጀራቸው የተመሠረተው በዚያ ፋብሪካ ላይ ነው፤ ባለፋብሪካው የሚኒስትሩን ደጅ ይጠናል፤ ሚኒስትሩም "እኛ ባንሸጥ ሌላው ይሸጣል፤ ስንሸጥ ግን ቃላችን ይሰማል" ይላል። ይህን የሚለው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

የሽማግሌዎቹ ውሳኔ ደብረ ማርቆስ የደረሰው ግን ተለውጦ ነው። የአጎቴ ታናሽ ልጅ መናኸሪያ ላይ "ሽማግሌዎቹ ተስማሙ" ሲባል ሰማ። ደሙ የደረቀ መሰለውና እሑድ በማለዳ የጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ የቀረውን በእግሩ መጣ።

ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ከመንገድ የደረሰ ሰው ልጁን ዳገቱ ላይ እንዳየው ተናገረ። የሟች ወንድሞች ሰምተው ወጡ። ጠመንጃቸውን ከቅጥሩ ውጭ ትተውት ነበር፤ አነሡት። የኔታ ስመ ሥላሴ እየጠሩ ለመኑ፣ አልሰሟቸውም። አባቴ ግንቡን ተደግፎ ቀረ። ነጋዴው ለማንም ሳይናገር ቁልቁል ወረደ።

ሲመለሱ ሁለት ነበሩ። ነጋዴው ልጁን ከጎኑ አስጠግቶ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰዋል። ከሩቅ ሲታዩ ባለ ሁለት ራስ አንድ ሰው ይመስሉ ነበር፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መምታት የሚቻል አልነበረም። ነጋዴው እየተራመደ ይናገራል።

"ተኩሱ እንግዲህ። ጥይቱ የእኔው ነው፣ ቢከሽፍ ግን እንዳትወቅሱኝ።"

ታላቁ ወንድም አነጣጥሮ ነበር። "ፈቀቅ በል" አለው።

"ወዴት ልበል? ጋቢው አንድ ነው።"

ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። በትዝታዬ ረጅም ነው፤ ሊሆን የሚችለው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። በመጨረሻ ታላቁ ወንድም አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ። በዚያው ዕለት ሻጮቹ ማሉ፤ ዕርቁም ወረደ። የአጎቴ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ገብሱን ዘራ። ነጋዴው ለሁለቱ ቤቶች መሸጡን ተወ፣ ለሌላው ግን ቀጠለ።

ጽሑፌን ጨርሼ ከተመረቅሁ በኋላ ለዓመታት አንድ ጥርጣሬ ሲከተለኝ ኖረ። ነጋዴው በዚያ ረቡዕ ለሁለቱም ወገን በእርግጥ ሸጦ ነበር? ወይስ ለጽሑፌ እንዲመቸኝ የረቡዑን ጥይት ሻጭና እሑድ ጋቢውን ያካፈለውን ሰው እኔው አንድ አድርጌ ሰፋኋቸው? ከደብረ ኤልያስ የሚመጡት ሸጠውላቸው ሊሆን ይችላል። ነጋዴው አርፏል፤ አባቴም አርፏል።

ለአባቴ ተዝካር በሄድኩ ጊዜ የሟች ታላቅ ወንድም ከድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁትና ጠየቅሁት። አልተቀየመኝም።

"ከእሱው ነው የገዛሁት" አለኝ። "ረቡዕ ጠዋት በእጁ ሰጠኝ። እሑድ ጠመንጃዬን አጉርሼው የነበረው ያንኑ ነው።"

ወደ አጎቴም ሄጄ ጠየቅሁት። እሱም የገዛው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያው ሰው ነበር።