ዘርፈሽን ያልለቀቀው ኮምፒውተር

ዘርፈሽ አምቦ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ጠዋት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የመጀመሪያ ሥራዋ ኮምፒውተሩን መዋሸት ነው። የሰዓቱ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ሲከፈት ቀኑን ይጠይቃታል፤ እሷም የዛሬውን ትታ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱን ትሞላለታለች። እውነቱን ከነገረችው የተማሪዎች ውጤት ያለበት ፕሮግራም ድርቅ ብሎ አልከፈትም ይላል።

ፕሮግራሙን የሠራው አያና የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። ለጥቂት ዓመታት ብቻ እንዲያገለግል አድርጎ ሠራውና፣ የተሻለ እተካለሁ ሲል ሞት ቀደመው። ነፍሱን ይማረው። በ2006 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ ለሚሠራበት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ከእንግዲህ ድጋፍ የለም የሚል ወሬ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ። ፕሮግራሙ በአዲሶቹ ላይ ጨርሶ አልሠራ አለ፤ በአሮጌውም ላይ ቀኑ አልፎበት ተዘጋ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አይቶት፣ ራሱን ነቅንቆ፣ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። ውጤቱን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማዛወር በየዓመቱ እቅድ ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱም እቅዱ ውስጥ ይቀራል።

መላውን ያገኘችው ዘርፈሽ ናት። ሳምንት ሙሉ ስትነካካ ሰንብታ ቀኑን ወደ ኋላ ብትመልሰው ተከፈተላት። ቀለም የጨረሰውን የማተሚያውን ሪባንም ገበያ ላይ ብታጣው የማኅተም ቀለም እየቀባች አሠራችው። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳ አልበላችም።

እንግዲህ ጥፋቷን የሠራችው ያኔ ነው። ያን ሰሞን አዲስ መዋቅር ይመጣል፣ ዲፕሎማ ብቻ ያለው ይቀነሳል ይባል ነበር። ዘርፈሽ ደግሞ ያላት ዲፕሎማ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ቀረች። ሰው ሲገባ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እንዴት አድርገሽ ከፈትሽው ሲሏት «ሙያ በልብ ነው» ብላ ትስቃለች። መዋቅሩ መጣ፤ ስንቱ ሲቀነስ እሷን የነካት የለም። ብልህ ሴት ተባለች፤ እሷም አመነች።

በ2012 እናቷ ወለተማርያም በሚኖሩባት ጎጆ በምትባል ከተማ ወድቀው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ። ከዘርፈሽ በቀር ልጅ የላቸውም። የሚያጎርሷቸው ጎረቤታቸው ጌጤነሽ ናቸው፤ እሳቸውም የራሳቸው ቤት አላቸው። እናቷን ወደ አምቦ ላምጣ ብትል «ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሏት። ዘርፈሽ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መኪና ሲገኝ ትሄዳለች፤ ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ ወር ይሞላል። ወደ ጎጆ ለመዛወር ማመልከቻ ጻፈች። ርእሰ መምህሩ አቶ መልአኩ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘርፌ፣ ያንን ማሽን ለማን ጥለሽልን ነው የምትሄጂው?»

በዓመቱም ጻፈች። በሌላውም ዓመት። መልሱ ያው ነው። መልቀቂያ የሌለው ሠራተኛ የትም ቢሄድ ተቀባይ የለውም፤ መልቀቂያውን የሚፈርሙት ደግሞ አቶ መልአኩ ናቸው። ዘርፈሽ ማታ ማታ ራሷን ትረግም ጀመር። በሩን በገዛ እጇ ቆልፋ ቁልፉን የዋጠች ሴት ሆና ለራሷ ታየች።

ባለፈው ዓመት የጎጆ ትምህርት ቤት የሪከርድ ሠራተኛ ጡረታ ወጡ። እዚያም አያና በሕይወት ሳለ የጫነላቸው ያው ፕሮግራም ተዘግቶ ቆሟል፤ ቦታውም ክፍት ሆነ። ዘርፈሽ ይህን እንደሰማች ወደ አቶ መልአኩ ሮጠች።

«ሰው ላሰልጥን?» አለቻቸው።

«አሰልጥኚና ሂጂ» አሏት።

የአይሲቲ መምህሩን ገመቺስን ጠራችው። ስክሪኑን ከግድግዳው መልሳ አዞረችለት። ዓመታት የደበቀችውን ሁሉ፣ ቀኑን፣ የሚጫኑትን ቁልፎች፣ ሪባኑን፣ ሲንተፋተፍ የት መታ እንደሚደረግ ሳይቀር አሳየችው። ገመቺስ በሁለት ሳምንት ልቅም አድርጎ ያዘው።

«አዴ ዘርፈሽ፣ እስከ ዛሬ ይህን ብቻዎን ነው የተሸከሙት?» ሲል በኦሮምኛው አክብሮ ጠየቃት።

ሁለት ሳምንት! ያንን ሁሉ ዓመት የታሰረችበት ነገር በሁለት ሳምንት የሚለቅ ኖሯል። ተናደደችም፣ ቀለላትም። ለእናቷ ደውላ «ከእንግዲህ እኔው ነኝ የማጎርስሽ» አለቻቸው። እናትየው ስልኩ ላይ አለቀሱ። ዘርፈሽ ድስቷንና ብርድ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

ሰኞ አቶ መልአኩ አስጠሯት። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ደስ ብሏቸው ነበር።

«የጎጆው ችግር ተፈታ! ገመቺስን ላክንላቸው። አይሲቲም ያስተምራል፣ ሪከርዱንም ይይዛል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ቦታውንም ዘጉት፣ ሌላ ሰው አያስፈልግም ብለው።»

«እኔስ?» አለች ዘርፈሽ።

«አንቺማ ነባራችን ነሽ። አንዱን መስጠት ካለብን አዲሱን እንጂ አንቺን እንሰጣለን እንዴ?»

ሊያከብሯት የተናገሩት ነው። ዘርፈሽ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይጠይቃታል።

ገመቺስ ደብዳቤውን ይዞ ገባ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ዋቃዮ ምስክሬ ነው፣ እኔ አልጠየቅሁም።»

«አውቃለሁ ወንድሜ።»

«የእናትዎን ቤት ይንገሩኝ። በየቀኑ ብቅ እላለሁ።»

ዘርፈሽ የተበላሸ ወረቀት ገልብጣ መንገዱን ሣለችለት፤ ከገበያው በላይ፣ ከድንች ማሳው ጥግ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቆርቆሮ ቤት። ወረቀቱን ተቀብሎ ሲወጣ ጠራችው።

«በሩን ዝም ብለህ አትክፈት» አለችው። «ከደጅ ሆነህ አስቀድመህ ስምህን ተናገር። በር በተከፈተ ቁጥር እኔ የመጣሁ ይመስላታል።»