የጫልቱ ግልገሎች

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ውስጥ፣ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሻጯ ልጅ አንድ ገበሬን «በጊቱ አርግዛለች እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ። «ገና ወሯ ነው» አላት። ያነሳችውን መድኃኒት መልሳ ሌላ ሰጠችው። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በወጣትነቴ ሱሉልታ ላይ እኛን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀንም።

ታላቅ እህቴ ጫልቱ ባሏ በተጋቡ በዓመቱ ሞቶባት ወደ አባታችን ቤት ተመልሳ ነበር። ሰፈሩ «ገፊ ናት» ይላታል፤ ባሏን በልታ መጣች ለማለት። እሷ ከባሏ ቤት የደረሷትን በጎች ይዛ ሜዳ ትውላለች። የሱሉልታ ሜዳ ክረምቱ ቢወጣም ውኃው ቶሎ አይሸሽም፤ ሣሩም ይለመልማል፣ ትሉም አብሮ ይራባል። በዚያ ጥቅምት፣ ባቄላ እሸት በምንበላበት ሰሞን፣ የበጎቹ መንጋጋ ሥር አበጠ። የጉበት ትል ነው ተባለ። አባቴ ከጫንጮ ገበያ፣ ከአንድ አዟሪ ክኒን ገዝቶ መጣ። እኔ አፋቸውን ከፈትኩ፣ ጫልቱ አስዋጠቻቸው።

በጎቹ ዳኑ። ማርገዛቸውም ታወቀ። ጫልቱ ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

«ሲወልዱ የራሴን ጎጆ እቀልሳለሁ» አለችኝ።

መጋቢት ላይ ወለዱ። የመጀመሪያው ግልገል የፊት እግሮቹ እንደ ማጭድ ተቆልምመው መጣ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ጫልቱ እያቀፈች ከእናቶቻቸው ጡት ታስጠጋቸው ነበር፤ ግን መቆም እንዳቃታቸው ተራ በተራ አለቁ። ጎረቤታችን የነበሩት ወይዘሮ፣ አደ ብርቄ፣ አጥሩ ጋ ቆመው፣ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ድሮስ ከእሷ እጅ ምን ይበረክታል?» አሉ።

አባቴ የእንስሳት ሐኪም አስጠራ። ሐኪሙ የሞተውን ግልገል አገላብጦ አየና፣ «መድኃኒቱ ለትሉ ደኅና ነው፤ በእርግዝናው መጀመሪያ ከተሰጠ ግን የፅንሱን አጥንት ያበላሻል። አንቺ ምንም አላደረግሽም» አላት።

ጫልቱ የሞተውን ግልገል ከእጁ ተቀበለችው።

«ባሌስ? እሱም ክኒን ውጦ ነው?»

ሐኪሙ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ክረምቱ ሳይገባ ሰበታ ሄዳ ፋብሪካ ተቀጠረች። ዛሬም እዚያው በኪራይ ቤት ናት፤ ዶሮ እንኳ አርብታ አታውቅም። ባለቤቴ ባረገዘች ጊዜ ሁሉ ደጃችን አልደረሰችም፤ ጥሪ ስንልክ ሁልጊዜ ሥራ ነበረባት።

አሁን ልጄ አርግዛለች። ትናንት ለጫልቱ ደወልኩላት። ሳቀች፣ መረቀች። «እንግዲያው ነያ፣ እያት» አልኳት።

«እኔ ከሩቅ ይሻለኛል፣ ወንድሜ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ስለ በጎቹ ሐኪሙን አምናዋለች። ስለ ራሷ ግን ያመነችው ሰፈሩን ነው፤ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት በዚህ ዕድሜዬም አላገኘሁላትም።