በመድን ካርዱ ላይ ቡርቱካን ናት

ሃይላይ የመርሳ ልብስ ሰፊ ነው። ዚፕ የተበላሸበት፣ ለዒድ ጀለብያ የሚያሰፋ፣ የልጁ ዩኒፎርም የጠበበው ሁሉ በረንዳውን ያውቃል። አገሩ ማይጨው ነው። እዚህ ሲመጣ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። እኔ ጎረቤቱ ዘሀራ ነኝ። እንደ ሃይላይ ፈሪ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ይህን የምለው ልንቀው አይደለም፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ ሰው ካለ እኔ እሱን ነው የምፈራው።

ጦርነቱ መርሳ በደረሰበት ክረምት፣ ትግርኛ የሚናገሩት ታጣቂዎች ከተማውን ሲይዙ፣ ሃይላይ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሰው «ወገኖቹ መጡለት» እንዳይለው ውሃ እንኳ የሚቀዳው እኔ ስወጣ ጠብቆ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እነሱ ወጥተው የመንግሥት ጦር ሲገባ ደግሞ «ከእነሱ ጋር ነበርክ» እንዳይባል ፈራ። ሲመጡ ፈራ፣ ሲሄዱ ፈራ። ሚስቱ ብርኽቲ ከማይጨው የመጣችው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። አማርኛዋ አልተፍታታም፤ ገበያ የምትገዛው በጣቷ እያሳየች ነበር። ስለዚህ ለራሱ ከሚፈራው ይልቅ ለእሷ የሚፈራው ይበልጥ ነበር።

ብርኽቲ የሐሞት ጠጠር አለባት። ሲነሳባት ጎኗን ይዛ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች። ጤና ጣቢያ ያያት ሐኪም «መውጣት አለበት፤ ከዘጋ ለሕይወቷ ያሰጋል» አለ። የግል ክሊኒክ እንዳይወስዳት የስፌት መኪናውን ቢሸጥ እንኳ አይበቃውም። የቀረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ነበር። የወር ደመወዝ የሌለው፣ በራሱ ሥራ የሚያድር ሰው በቀበሌው ተመዝግቦ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ሲታመም በካርዱ ይታከማል። ጦርነቱ ያቋረጠው ምዝገባ የካቲት ላይ እንደገና ተከፈተ።

ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ነው። ለሃይላይ ግን መመዝገብ ማለት በገዛ እግሩ ቀበሌ ገብቶ የሚስቱን ስምና ፎቶ ማስረከብ ማለት ነበር። «ነገ ያንኑ ፎቶ ይዘው ቢመጡብኝስ?» እያለ ቀኑን ሲገፋ ሰነበተ። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ እየከሳች ሄደች። ብልጭ ብሎብኝ «ፎቶውን ስታቅፍ ሚስትህን ልትቀብራት ነው?» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሌ መጣ። ባሌ አብዱልጀሊል የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ማኅበራችን ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ሃይላይ ራሱ ስንቱን ሙስሊም ቀብሯል! የቅሬ ዳኛ «የእኛ ሰው ነው» ካለ ቀበሌው ሌላ ምስክር አይፈልግም።

«ጋሽ አብዱ፣ አንቱ ካልቆሙልኝ ብቻዬን አልገባም» አለ ከደጃፍ ቆሞ።

«እቆምልሃለሁ። ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«የእሷ ስም ነው። የእኔንስ አገር አውቆታል።»

አብዱልጀሊል ጢሙን ዳበሰና «ቡርቱካን እንበላት» አለ። «ቡርቱካን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ይሆናል። እዚህ አገር በስም ዘር የሚፈልግ ሰው ይደክመዋል።»

እውነቱን ነው። ወሎ ስም እንደ ጋቢ የምንዋዋስበት አገር ነው። የእኔ አጎት ሞላ ይባላል፤ ሶላት አምልጦት አያውቅም። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም። «የታመመ ሰው ስሙ አይነካካ» ብል ማን ይስማኝ! ባሌ ለቅሬው ሰው አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። አብረው ሄደው አስመዘገቧት፤ ካርዱም ፎቶዋ ተለጥፎበት መጣ።

ከዚያ በኋላ ሃይላይ ሚስቱን ማስጠናት ጀመረ። ከግድግዳው ማዶ እሰማቸዋለሁ። ጨርቅ እየቆረጠ ድንገት «ስምሽ ማን ነው?» ይላታል። «ቡርቱካን» ትላለች። አንዳንዴ ስትረሳ መቀሱ ቀጥ ይላል። «አጥርተሽ በይው እንጂ» ይላታል። እሷም ደጋግማ ትለዋለች።

በሁዳዴ መካከል ጠጠሩ ዘጋ። የብርኽቲ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ ትኩሳቱ አነደዳት። ጤና ጣቢያው ወዲያው ወደ ወልድያ ላካት። አብዱልጀሊል ወደ ግራና ከተማ ለቀብር ሄዶ ስለነበር አብሬያቸው የተሳፈርኩት እኔ ነኝ። ሲሪንቃ ኬላው ላይ ወታደር መኪናውን አስቆመ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ልጄ ናት፣ ሐሞቷን ታማ ነው» አልኩ።

ካርዱን አየ፣ ፊቷን አየ። ሃይላይ ጉልበቱን ይመለከታል። ወታደሩ «ይማራት» ብሎ ገመዱን አወረደ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር በቁስለኛ ተሞልቷል። አስታማሚዎቹ ከግንባር የመጡ ናቸው፤ ከግቢው በር ላይ ጠመንጃቸውን አስረክበው እንኳ ዓይናቸው ያስፈራል። ሐኪሙ ብርኽቲን አይቶ «አሁኑኑ ትግባ» አለ። በተሽከርካሪ አልጋ እስከ ቀዶ ጥገናው በር ገፏት። በሩ ላይ በላይ የሚባል ነርስ ካርዱን ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እንደማያስገባው ሁሉ፣ ጠየቃት።

«ስምሽ ማን ነው?»

ትኩሳቱ ያን ሁሉ ጥናት ጠራርጎ ወስዶት ነበር። «ብርኽቲ» አለች። «ብርኽቲ እየ።» በትግርኛ «ነኝ» ማለቷ ነው።

በላይ ካርዱን አየ። እንደገና ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰች። አልጋውን ከበሩ ወደ ኋላ ሳበው።

«ይህቺ ቡርቱካን አይደለችም። የሰው ካርድ ተውሳችሁ ነው የመጣችሁ? ወይስ በሽተኛ ተሳስቶብኛል? ቡርቱካን የታለች?»

በዚያ ነርስ አልፈረድኩበትም፤ ካርድ የሚዋዋስ ሰው ሞልቷል፤ አንዱን በሌላው ፈንታ ቢያስገባ ደግሞ ነፍስ ነው የሚጠፋው። ግን ያቺን የትግርኛ ቃል የሰማ ኮሪደር ሁሉ ወደኛ ዞሯል። ክራንች የተደገፈው፣ ጭንቅላቱ የታሸገው፣ አስታማሚው፣ ሁሉም። እኔ «ልጄ ናት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያ ረቢ፣ እንዴት ፈራሁ! ሃይላይን ብመለከተው አንድ እግሩ ወደ መውጫው ዞሯል። አልዋሽም፣ ሊሸሽ ነው አልኩ።

ብርኽቲ አቃሰተች። ሃይላይ ተመለሰ።

«ሚስቴ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። «ስሟ ብርኽቲ ነው። የማይጨው ሰዎች ነን፣ ትግሬ ነን። ፈርቼ ነው ስሟን ያስቀየርኩት። ፎቶውን እየው፣ እሷው ናት! እኔን የምትወስዱኝ ከሆነ ውሰዱኝ፣ እሷን ግን አስገባልኝ!»

በላይ ፎቶውንና ፊቷን አስተያየ።

«ማን ይወስድሃል፣ ወንድሜ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ማወቅ የምፈልገው የማንን ሆድ እንደምንከፍት ነው።» ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈና አልጋውን ገፍቶ አስገባት።

ሃይላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንዱ ከአጠገቡ ተነስቶ ሄደ። ሌላው የታሰረ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀለት። የቦቲ ጫማ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን ሃይላይ አንገቱን ይሰብራል፤ እኔም እጄን ትከሻው ላይ ጥዬ ዱዓዬን አደርጋለሁ።

በደህና ወጣች። በላይ መንቃቷን ለማየት ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ነካ ነካ አደረጋት።

«እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? ስምሽ ማን ነው?»

ዓይኗን ገለጠች። በላይን አየችው፤ ከኋላው የቆሙትን አስታማሚዎች አየች። ሃይላይ «አትፍሪ፣ ነግሬያቸዋለሁ» ሊላት ጎንበስ ሲል ቀደመችው።

በደረቀ ከንፈሯ፣ አጥርታ፣ ልክ እንዳስጠናት፣ «ቡርቱካን» አለች።

ሃይላይ ፊቱን በአልጋው ብረት ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷ የተሳሳተች መስሏት ደነገጠች፤ እጁን ይዛ እንደገና፣ ከበፊቱ ጠንከር አድርጋ፣ «ቡርቱካን ነኝ» አለችው።